ሽማግሌዎች ያስታረቁት ዲፍረንሻል

መኪናው ገና መታጠፊያው ጋ ሳለ ሻምዓ ከመልኩ በፊት ድምፁን ሰማች። ሒርሲ ከበሯ ፊት አስተካክሎ ሊያቆመው ማርሹን ወደ ኋላ ሲያስገባ ከመኪናው የኋላ ሆድ ውስጥ «ጓ!» አለ። ወደ ፊት ሲመልሰው ደግሞ «ጓ!» አለ። ማንም ዞር ብሎ አላየም። ሴቶቹ እልልታቸውን ያቀልጡታል፤ ወንዶቹ የሒርሲን እጅ ለመጨበጥ ይሽቀዳደማሉ።

ሐሙስ የልጇ የሂባቅ ሠርግ ነው። የሙሽራው ቤተሰብ የቡርዖ ሰዎች ናቸው፤ ሙሽሪትን ከሐርጌሳ የምናመጣው በራሳችን መኪና ነው ብለው በኩራት ተናግረው ነበር፤ እነሆ፣ አጎትየው ሒርሲ ራሱ ነድቶ አመጣው። ነጭ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ጎማው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ መስተዋቱ ላይ ሪቫን ታስሯል፣ ወንበሮቹ ላይ አበባ ያለበት ጨርቅ ተነጥፏል። ከላይ ያለው ሁሉ ተውቧል። ወንዶች መኪና ሲያስውቡ ከላይ ከላይ ነው፤ ከታች ያለውን የሚያየው ማን ነው ብለው።

ሻምዓ የምትኖርበት የሐርጌሳው የጅግጅጋ የር ሰፈር መንገድ ቁልቁለት ነው። ሒርሲ የእጅ ፍሬኑን ሳበና እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። መኪናው ቆመ ሲባል ወደ ኋላ ሸተት አለ፤ አንድ ስንዝር ያህል ሄዶ፣ ሆዱ ውስጥ «ጓ» ብሎ፣ ያኔ ቆመ።

ሻምዓ ሰላምታዋን በአፏ እየሰጠች ዓይኗ ጎማው ላይ ቀረ። ሰዎቹ ወደ ግቢ ሲገቡ ወደ ኋላ ቀርታ መዳፏን የመኪናው ጀርባ ላይ አሳርፋ ገፋችው። መኪናው ወደ ፊት ሄደ። ለቀቀችው፤ ተመለሰ። የቆመ መኪና፣ ፍሬኑ ተስቦ፣ በአንዲት ሴት መዳፍ እንደ ሕፃን አልጋ ይወዛወዛል።

«ሒርሲ፣» አለች፤ «ይሄ ነገር ይወዛወዛል።»

«እየተቀመጠ ነው፤» አለ ሒርሲ እየሳቀ። ሰፊ ሆድና በሒና የቀላ ጢም ያለው ሰው ነው። «ግመል ስትንበረከክ አይተሽ አታውቂም? መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ኋላዋን። መኪናችንን አውር ነው የምንለው። ጭነት የለመደ ወንድ ግመል።»

ወንዶቹ ሳቁ። ሻምዓ አልሳቀችም። ወደ ቡርዖ ሲኬድ ከበርበራ በኋላ ያለውን የሼክ ተራራ አቀበት ታየው ነበር፤ መጠምዘዣውን፣ ከፊት የሚያቃስተውን የሲሚንቶ ጭነት መኪና፣ ከኋላ ያለውን ገደል። መኪናው ከጭነቱ ኋላ አቀበቱ መሃል ሲቆም ታያት። ስንዝሩ ክንድ ሲሆን ታያት። ክንዱ ሲያልቅ ታያት። ቀሪውን ለማየት ዓይኗን መጨፈን አላስፈለጋትም፤ እሷ እንዲህ ያለውን ነገር ዓይኗን ገልጣ ነው የምታየው።

ወንድሟ ዋይስ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቱ ወንድ ነው። ማለትም ሰው ሲመጣ ፊት ለፊት ይቀመጣል። በልብሱ ጎትታ ማድ ቤት አስገባችው።

«መካኒክ አምጣልኝ።»

«እህቴ፣ እንግዶች ናቸው። አማቾች ናቸው።»

«አማች ከሆኑ ልጄን ሳይሰባብሩ ይውሰዷት። ጉሬን አምጣው።»

ዋይስ አጉረመረመና ሄደ። ማጉረምረም የሱ ሥራ ነው፤ በዚያ ማንም አይበልጠውም።

ጉሬ ግራኝ ስለሆነ ነው ጉሬ የተባለው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ደረቁ ወንዝ ዳር ጋራዥ አለው። እጁ ጥሩ ነው፤ ይህን ሻምዓም አትክድም። እጁ ደፋር፣ አፉ ፈሪ ነው፤ ችግሩ እሱ ነበር።

ጉሬ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈና ክሪኩን አስገብቶ የኋላውን ከመሬት አነሳው። ማርሹን ባዶ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን አስለቀቀ። በጀርባው ተኝቶ ከስሩ ገባ።

«አንዱን ጎማ እንዳይነቃነቅ ያዙልኝ፤» አለ ለዋይስ። «ሌላውንም።»

ሌላውን የሚይዝ ጠፋ። ወንዶቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሻምዓ ሻሿን ወደ ኋላ ወርውራ ጎማውን በሁለት እጇ አቀፈችው።

ጉሬ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚመጣውን ረጅም ዘንግ ጨብጦ ወዲያና ወዲህ ያዞር ጀመር። መጀመሪያ ዘንጉ ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚጋጠምበትን የመስቀል ቅርጽ ያለውን መገጣጠሚያ በጣቱ ዳሰሰ። «ክሮቼራው ትንሽ ላልቷል፤» አለ፤ «ይሄ ቀላል ነው።» ከዚያ ዘንጉን አጥብቆ ይዞ አዞረ። ዘንጉ ዞረ። ሻምዓ ያቀፈችው ጎማ ግን ከእጇ ውስጥ ንቅንቅ አላለም። ዘንጉ ዞረ፣ ዞረ፣ እና «ጓ»፤ ያኔ ብቻ ጎማው ሊያመልጣት ፈለገ።

«ሰማችሁ?» አለ ጉሬ ከስር። ድምፁ ደስ ብሎታል፤ መኪና ስር ሲሆን ሰው ስለማያይ ይደፍራል። «ዘንጉ ይሄን ያህል ባዶውን መዞር የለበትም። ውስጥ ያሉት ጥርሶች ተራርቀዋል። ቆይ...» ዘንጉ ዲፍረንሻሉ ውስጥ የሚገባበትን አንገት ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀው። አንገቱ ተነቃነቀ። «ኩሽኔታውም አልቋል። ወላሂ፣ ይሄ ዲፍረንሻል ሞቷል፤ የቀረው መቀበር ነው።»

«የእጅ ፍሬኑስ ለምን አይዝም?» አለች ሻምዓ።

«ኤዶ፣» አለ ጉሬ፣ እንደ አክስት አክብሮ ሲጠራት፤ «የዚህ ዓይነቱ አሮጌ መኪና የእጅ ፍሬን ጎማውን አይደለም የሚይዘው፤ ይሄን ዘንግ ነው። ዲፍረንሻሉ ከተሰበረ ፍሬኑ ዘንጉን ይዞ ይቀራል፣ ጎማው ወደፈለገበት ይሄዳል።»

«የፊተኛው ጎማ አይስብም እንዴ?»

ጉሬ አንገቱን ወደ ፊት አዙሮ አየ። «የፊተኛው ዘንግ የለም። ወልቋል።»

ሁሉም ሒርሲን አዩት። «ነዳጅ ይበላል ብለው ነው ያስወለቁኝ፤» አለ ሒርሲ ጢሙን እያሻሸ።

«ከታች ያለችውን ብሎን ከፍቼ ዘይቱን ብናየው ይለይለት ነበር፤» አለ ጉሬ፤ በቆሸሸ ጣቱም የዲፍረንሻሉን እምብርት ነካ አደረገ። «ብረት ካለበት ክርክር የለም።»

ያኔ ሒርሲ ተቆጣ። ቁጣው ከሆዱ ነበር የጀመረው፤ ወደ ጢሙ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደበት።

«ምን? የማንን ሆድ ነው የምትከፍተው? እኛ ለሠርግ ነው የመጣነው! ሙሽራ የሚጭን መኪና ልከን፣ በአማቾቻችን በር ላይ፣ ሰው እያየ፣ አጋድማችሁ ሆዱን ልትከፍቱት? ነገ ደግሞ የልጃችንን ጥርስ ቁጠሩ!»

«ጥርሱን እንኳ ይቆጥሩለት ነበር፣ ቢኖረው፤» አለች ሻምዓ። ስለ መኪናው ነበር። ሒርሲ ግን ስለ ወንድሙ ልጅ መሰለውና ባሰበት። ጉሬ ከስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ የተናገረውንም አብሮ የሚጠርግ ይመስል ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ሌላ አገር ሰው ምን እንደሚያደርግ ሻምዓ አታውቅም። ምናልባት ብሎኗን ይከፍት ይሆናል። እዚህ ግን ሽማግሌ ይጠራል። የጎሳው ዳኛ አቂል ዱዓሌ በትራቸውን ይዘው መጡ፤ የግመል፣ የጉድጓድና የደም ጠብ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ጥላ ስር ተቀመጡና ሻይ በወተት ታዘዘ። ሥራ የሌለው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከበባቸው፤ ይህም ማለት የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ማለት ነው።

ሻምዓ በሯ ላይ ቆማ ትሰማለች። ሴት እዚያ አትቀመጥም፤ ከሴት ጆሮ የሚያመልጥ ግን የለም።

«ሒርሲ ተናገር፤» አሉ አቂሉ።

ሒርሲ ተነሥቶ ከአያቱ ጀመረ። አያቱ እንግዳ ሳያበሉ የማያድሩ መሆናቸውን፣ የዚህ ቤተሰብ መኪና ተሰብሮ እንደማያውቅ፣ አንድ ጊዜ ተሰብሮ የነበረውም መንገዱ ስለነበር እንጂ መኪናው እንዳልሆነ ተናገረ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደህና ተናጋሪ ነው አሉ።

«ጉሬ፣ አንተስ?»

ጉሬ ተነሣ። ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ሒርሲ አየ፣ ወደ ሻይ ብርጭቆው አየ። «እኔ ያየሁትን ነው ያልኩት፤ ክሮቼራው አለ፣ ዲፍረንሻሉም አለ። አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል፤» አሉ አቂሉ። «እኛ የማናውቀውን ነው የምንዳኘው።» ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «እንግዲህ ስሙ። ሒርሲ ምንም የለውም ይላል። ጉሬ ሁለት ነገር አለው ይላል። አንዱ ምንም ካለ፣ ሌላው ሁለት ካለ፣ መካከሉ ምንድን ነው?»

«አንድ!» አሉ ወንዶቹ።

«አንድ። ሒርሲ አንድ ይቀበል፣ ጉሬ አንድ ይተው። ክሮቼራው ይቀየር፤ ዲፍረንሻሉ ምሕረት ያግኝ። ሙሽሪት በሰላም ትሄዳለች፣ አማቾች አይዋረዱም፣ መካኒኩም ውሸታም አልተባለም። ቅር ያለው አለ?»

ቅር ያለው አልነበረም። እጅ ተዘርግቶ ፋቲሐ ተቀራ። ሒርሲና ጉሬ ተቃቀፉ። ዋይስ፣ ያ የቤቱ ወንድ፣ ዓይኑን ጠረገ፤ እንዴት ያለ ፍርድ ነው እያለ።

ሻምዓ በሩን ተደግፋ ቀረች። ግመል ሁለት ሰው ቢጣላባት ተሸጣ ትካፈላለች፤ ጉድጓድ በፈረቃ ይጠጣል። ዲፍረንሻልን ግን ማን አስታርቆ ያውቃል? ጥርሱ የአቂል ዱዓሌን ስም ሰምቶ ያውቃል? አቀበቱ ላይ ሲደርስ፣ «ቆይ፣ እኔ ምሕረት አግኝቻለሁ» ብሎ ይጠብቃል? ደግሞ እነዚህ ሰዎች ደደብ ቢሆኑ ቀላል ነበር። ደደብ አይደሉም። ሁሉም ያንን «ጓ» ሰምተዋል። ሰላሙ ስለጣማቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ክሮቼራው ተቀየረ። ጉሬ አዲሱን አስገባ፣ ቀባ፣ አጠበቀ። ሒርሲ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነዳ፤ ድምፁ በእርግጥ ትንሽ ለስልሶ ነበር። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ሻምዓ ሁሉም እስኪሄዱ ጠብቃ መዳፏን አሳረፈች። ሄደ። ተመለሰ። ስንዝሩ እዚያው ነው።

ጉሬ የመሣሪያ ሣጥኑን መኪናው ሥር ትቶት ሊሄድ ሲል ያዘችው። ሐሙስ ምሳ እዚሁ ስለሚበላ ሣጥኑን ያን ቀን ይወስደዋል።

«ፊቴን አይተህ ንገረኝ። ልጅህን በዚህ መኪና ሼክ ላይ ታወጣታለህ?»

«ኤዶ፣ እኔ ገና አልወለድኩም።»

«ጉሬ!»

መሬት መሬት አየ። «ቀስ ካለ ምናልባት ይወጣል። ብዙ እንዲህ ያለ መኪና አይቻለሁ፤ ዓመት ይሄዳል።»

«ያልሄደውስ?»

«ፋቲሐ ተቀርቷል እኮ፣ ኤዶ። እኔ የታረቅኩትን ነገር እንዴት መልሼ ልጣላበት? ነገ እነዚሁ ሰዎች ናቸው መኪናቸውን የሚያመጡልኝ።»

«ጥሩ ነው፤» አለች። «የሞተውን ዲፍረንሻል ትተህ ለገበያህ ተጨነቅ።»

ሳይመሽ ወደ ሂባቅ ክፍል ገባች። ሂባቅ እጇንና እግሯን ሒና ተቀብታ እንዳይበላሽባት ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ሆዮ፣» አለቻት ሻምዓ፤ እናትና ልጅ እርስ በርስ እንደሚጠራሩበት፤ «በዚያ መኪና አትሄጂም።»

«ጀመርሽ።»

«ኋላው ላልቷል። በእጄ ጎማውን ይዤ...»

«ሆዮ፣ ስሚኝ።» ሂባቅ አልጮኸችም፤ ድካም ነበር የሚሰማባት። «የውሃ ታንከሩ ይወድቃል ብለሽ ልጅነታችንን ሙሉ ከስሩ እንዳንጫወት ከለከልሽን። ወደቀ?»

«ገና ነው።»

«ወንድሜ ጅቡቲ ሲሄድ ስልኩ ስለተዘጋ ሞቷል ብለሽ ጎረቤቱን ሰብስበሽ አስለቀስሽ። ባትሪው አልቆ ነበር። እኔ ጉሮሮዬን ስታመም ያልወሰድሽኝ ሐኪም አለ? አንድ ቀን እንኳ የፈራሽው ደርሶ ያውቃል?»

ሻምዓ አሰበች። የፈራችው ደርሶ አያውቅም ነበር። የደረሱባት ክፉ ነገሮች ሁሉ ያልፈራቻቸው ናቸው፤ ባሏም የሞተው አንድም ቀን ባልፈራችው በሽታ ነው። ስለዚህ ነው ምንም ነገር ሳትፈራ የማትተወው፤ ይህን ግን ለልጅ እንዴት ይነግሩታል?

«አማቾቼን አዋርደሽ እንዳትልኪኝ፤» አለች ሂባቅ። «መንገዱ ግማሽ ቀን ነው። እዚያ ቤት የምኖረው ግን ዕድሜዬን ሙሉ ነው።»

ልጅቷ ያለችው እውነት ነበር። ሻምዓ ወጥታ የሔዶውን ገመድ ስታጠብቅ አመሸች፤ ለሙሽራው ቤት የሚላከውን፣ በቅቤ የተቀመጠ ደረቅ ሥጋ የሞላበትን እቃ። የሙሽራው ዘመዶች እንደ ልማዱ ያንን ቋጠሮ ለመፍታት ቀን ሙሉ ሲታገሉ ይውላሉ፤ ለቋጠሮ ጊዜ አላቸው። አንዲት ብሎን ግን ነውር ናት።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው በሴት ተሞላ። ከበሮ ይመታል፣ ግጥም ይወርዳል። ሻምዓ ብርቱካንማ የድራዕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወርቋን አድርጋ፣ እንግዳ እየተቀበለች ነበር። ሒርሲ ሽቶ ተቀብቶ መጣና የመኪናውን በሮች ከፈተ። ሻንጣዎቹ ተጫኑ። የሂባቅ ጓደኞች ማን መስኮት ዳር ይቀመጥ ብለው ይጣላሉ፤ አንዷ ሕፃን ይዛለች። ሕፃን መኖሩን ሻምዓ አላሰበችም ነበር። እሷ ያላሰበችው ነገር ነበር ማለት ነው።

ማድ ቤት ገብታ ሩዝ የታጠበበትን ሰፊ ሳፋ አነሳች፣ ከግድግዳው ሰሌን ሳበች፣ ሰው እየገፋች ወጣች። ሰሌኑን ከመኪናው ኋላ ዘረጋችው። ከጉሬ ሣጥን ትልቁን ቁልፍ መዘዘች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ በወርቋና በድራዕዋ፣ በጀርባዋ ተኝታ ከመኪናው ስር ገባች።

«ያ ረቢ! ሻምዓ ምን ሆነች?»

«ቀለበት ወድቆባት ነው፤» አለች አንዷ።

ጉሬ ጣቱን ያሳረፈባት ብሎን እዚያው ነበረች። ሻምዓ ቁልፉን ገጠመችና በእጇ ገፋችው፤ እምቢ አለ። ጫማዋን አወለቀችና በተረከዟ ረገጠችው። አንዴ። ደግማ። ብሎኗ ድንገት ለቀቀች፤ ሳፋውን ለመሳብ ብቻ ጊዜ አገኘች።

ዘይት እንደ ዘይት ይፈሳል። ይሄ አልፈሰሰም። እንደ ገንፎ እየተጎመደ ወረደ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚሸት። ግማሹ ሰጋቱራ ነበር፤ የእንጨት ብናኝ ከዘይት ጋር ተቦክቶ። ጥቁሩ መሃል የብረት ቅንጣት ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር «ቂው» ብሎ ሳፋው ላይ ወደቀ።

ሳፋውን እየጎተተች ወጣች። ድራዕዋ ከትከሻ እስከ ዳሌ ጠቁሯል። ከበሮው ቆመ። ሻምዓ እጇን ገንፎው ውስጥ ከትታ የወደቀውን አወጣችና በቀሚሷ ጠረገችው፤ ቀሚሱ ከእንግዲህ ምንም አይሆንም። የአንድ ትልቅ ማርሽ ጥርስ ነበር፤ ከስሩ ተገምሶ።

«አቂል ዱዓሌ፣» አለች፤ «የማሩት ጥርስ ይኸው።»

 ወንዶቹ ሳፋውን ከበው አዩ። ጉሬ ከሩቅ አየና ወደ ሰማይ ማየት ጀመረ።

«ሰጋቱራው ምንድን ነው?» አሉ አቂሉ በዝግታ።

«ሁሉም ያደርጋል፤» አለ ሒርሲ። ላቡ ጢሙ ላይ ይወርዳል። «ድምፁን ይቀንሳል አሉኝ። ሙሽሪት እንዳትረበሽ ብዬ ነው።»

«ሙሽሪት እንዳትረበሽ!» አለች ሻምዓ። «አያችሁ፣ ሲያስብላት! የሚሰበረውን ትቶ የሚጮኸውን ደፈነላት። አንተ ታውቅ ነበር፤ አታውቅም ብዬ ስሰድብህ የሰነበትኩት በከንቱ ነው። በሽማግሌ ፊት ከአያትህ ጀምረህ ስታወራ ይሄን ገንፎ ታውቅ ነበር!»

«እኔን ሌባ አለችኝ!» ብሎ ጮኸ ሒርሲ፤ ሌባ ያለው ሰው ባይኖርም። «በሴቶች ፊት! የአማቿን ገመና ገልጣ! ይሄ ሐል የለውም?»

ሐል የተዋረደ ሰው የሚካስበት ነው። ቃሉ ሲጠራ ወንዶቹ ነፍስ ዘሩ፤ ዲፍረንሻል አያውቁም፣ ሐል ግን ያውቃሉ። እዚያው ቆመው ተመካከሩ። አቂል ዱዓሌ በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

«መኪናው ዘይት ስለሌለው አይሄድም። ይሄ ግልጽ ነው። ሒርሲ ሌላ መኪና ይከራይ። ሻምዓ ደግሞ ፋቲሐ የተቀራበትን ነገር አፍርሳለችና፣ የአማቿንም መኪና በሕዝብ ፊት ገልጣለችና፣ አንድ በግ ለሐል ታርዳለች። ቅር ያለው አለ?»

ዋይስ ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«አንድ ብቻ?» አለች ሻምዓ። «ጥርሱን ካገኘሁ በጉንማ ሁለትም አርዳለሁ። ብሉ።»

የጎረቤት ሚኒባስ ተጠራ። ሻምዓ በዚያ በጠቆረ ቀሚሷ መንገድ መሃል ቆማ ሹፌሩን ወደ ፊት አስኬደችው፣ ወደ ኋላ አስኬደችው፣ ቁልቁለቱ ላይ አስቆመችው፣ ወደ ኋላው ዞራ ገፋችው። አልተነቃነቀም። የፊቱንም ጎማ በእግሯ መታ መታ አደረገች፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ሴቶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሂባቅ ወጣች። ነጭ ለብሳለች፣ ሒናዋ ደርቆ ጠቁሯል። በእናቷ አጠገብ ስታልፍ ቀሚሱን አየች፣ ሳፋውን አየች፣ የተሰበሰበውን ሰው አየች። 

«ደስ አለሽ?» አለቻት።

«አይ፤» አለች ሻምዓ።

ሂባቅ ሳትስማት ገባች፤ መስኮቱንም ዘጋችው። ሚኒባሱ ሄደ። ከበሮው እንደገና ጀመረ፤ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም።

በጉ ታረደ። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ከሩዝ ጋር ከበው በሉት። ሒርሲም በላ፤ ተበዳይ ስለሆነ ጎድኑ ለሱ ቀረበለት። መኪናው ውጪ፣ ሪቫኑን እንዳሰረ፣ ሆዱ ባዶ ቆሟል። ወሬው ከመኪናው ወጥቶ ስለ ዝናብ፣ ከዝናብ ስለ ግመል ዋጋ ሄዷል። ሻምዓ ሩዝ ስትጨምር፣ ውሃ ስታቀርብ፣ ስልኳን በጡቷ መካከል ይዛ ነበር። በርበራ ደርሰዋል ብላ አሰበች። ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል። አቀበቱን ጀምረዋል ብላ አሰበች። ሹፌሩ ጫት ቅሞ ቢሆንስ?

ስልኩ ጮኸ።

«ወጥተናል፤» አለች ሂባቅ። ነፋስ ይሰማል። «ሼክ ላይ ነን።» ሻምዓ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። «መሃል ላይ ቆመን ነበር። ከፊታችን አንድ ጭነት ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶት።»

«ቆሞ... ያዘ?»

«ያዘ።» ሌላ ነገር የምትጨምር መሰለች። «ገና እንደተቆጣሁ ነኝ፤» አለችና ዘጋችው።

ሻምዓ ስልኩን መልሳ ጡቷ መካከል ሸጎጠችው። ትቆጣ። ሰው የሚቆጣው በሕይወት ሲደርስ ነው። ከዚያ የሥጋውን ትሪ አንስታ ወደ ወንዶቹ ተመለሰች።

ጉሬ ዳር ላይ ተቀምጦ ቅልጥም ይመጥጣል። ስታጎነብስ በሹክሹክታ ጠራት፤ ሒርሲ እንዳይሰማ ወዲያ እያየ።

«ኤዶ፣ እኔ ግን መጀመሪያውኑ ዲፍረንሻሉ ነው ብዬ ነበር። ያስታውሳሉ አይደል? ለሰዎች ሲያወሩ ይሄን ይንገሩልኝ።»

ሻምዓ አየችው። ያ ጥሩ ግራ እጁ እስከ ክርኑ ቅባት ሆኗል። ትልቁን ቁራጭ መርጣ ሳህኑ ላይ ጣለችለት።

«ብላ፣ ጉሬ፤» አለች። «አፍህ ለሌላ ነገር አልተሠራም።»